ቆሞ የሚበራ፣ ሲሄድ የሚጠፋ

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ መኪና አንድ ነገር ከሆነ ምክንያቱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ሙቀት ነው። ጎማ ቢፈነዳ ሙቀት፣ ባትሪ ቢሞት ሙቀት፣ ሹፌርና ረዳት ቢጣሉም ሙቀት። ውሸት ነው ማለት ደግሞ አይቻልም። በክረምቱ ወራት ቀኑ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከምዕራብ የሚመጣው ደረቅና አቧራማ ነፋስ፣ ኸምሲን፣ ሲጨመርበት የመኪና በር እንኳ በባዶ እጅ አይከፈትም። ስለዚህ አንድ ሹፌር ፔካ 12 ላይ መኪናውን አቁሞ "ያስገጠምኩት ኤልኢዲ መብራት እየነዳሁ ድንገት ይጠፋብኛል" ማለት ሲጀምር፣ ዙሪያውን የቆመው ሰው አላስጨረሰውም። "ሙቀት ነዋ!"

ፔካ 12 ከመሃል ከተማው 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ የሚገኝ፣ ከኢትዮጵያ የሚመጡ ከባድ መኪኖች የሚሰለፉበት ሰፈር ነው። ከ1990 ዓ.ም. የኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ወዲህ የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ጭነት ከመቶ ዘጠናው በላይ በዚህች ከተማ ወደቦች ያልፋል። አዲሱ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ቢጀምርም የጭነቱ ብዙ እጅ ዛሬም በጎማ ነው የሚሄደው። መኪና ባለበት ደግሞ ጎሚስታ አለ፣ ምግብ ቤት አለ፣ ሻይ የሚያፈላ አለ፣ ዲናሞ ፈትቶ የሚገጥም አለ። ብዙዎቹ አማርኛ ይናገራሉ። ሌሊት ሰፈሩን የሚያበራው ኤሌክትሪክ ራሱ አንድ እጁ የእኛ ወንዞች ነው፤ ጅቡቲ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢትዮጵያ ኃይል ትገዛለች።

ሹፌሩ ጸጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ ጎርናና ሰው ነው፤ የሚነዳው አይሱዙ ነው። የያዘው ቅሬታ ቀላል ይመስላል። መኪናው ሲቆም መብራቱ ይበራል። ሲሄድ ይጠፋል። መልሶ ሲቆም ምንም እንዳልተፈጠረ ቦግ ይላል። ቀደም ብሎ ያሳየው ባለሙያ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ማብሪያውን ተጭኖ አይቶ "ደህና ነው" ብሎ ሸኝቶታል። ሹፌሩ ግን ግራንድ ባራ ላይ፣ ያ ከዲክሂል በፊት የሚዘረጋው ዛፍ የሌለበት ለጥ ያለ ሜዳ ላይ፣ ከፊቱ ተሳቢ እየመጣ መብራቱ ሲጠፋበት ምን እንደተሰማው ሲያወራ እጁ መሪ የጨበጠ ይመስል ይቆለፋል። ግመል ሳይታሰብ የሚያቋርጥበት መንገድ ነው።

ኤሌትሪሺያኑ የድሬዳዋ ልጅ ነው። ቀን ይተኛል፤ ሥራውን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ጠየቀ።

"ጋሼ፣ ሁለቱም ናቸው የሚጠፉት ወይስ አንዱ?"

"ሁለቱም። እኩል።"

"እየደበዘዙ ነው ወይስ ባንዴ?"

"ባንዴ ነው እንጂ! ጥቁር ጨርቅ እንደጣሉብህ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ቦግ ይላል።"

"ስንት ደቂቃ ይቆያል?"

"ኧረ ደቂቃ የለም። ደቂቃ ቢቆይማ እኔ እዚህ አልቆምም ነበር።"

ልጁ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ያኔ አልገባኝም እንጂ ግማሹ መልስ እዚህ ጋ ነበር። ሰዎቹ ግን ሙቀቱን አልለቀቁም፤ አንዱ የማራገቢያው ቦታ ጠቦ ነው አለ፣ ሌላው የቻይና ዕቃ ነው አለ። እነሱንም መስማት ተገቢ ነው፤ ኤልኢዲ በእርግጥ ሙቀት አይወድም።

አሮጌው አምፖል፣ ሰው ሁሉ ኤች 4 የሚለውና እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በዓለም ላይ የተሰራጨው፣ ውስጡ ያለው የተንግስተን ክር 3 ሺህ ዲግሪ እስኪጠጋ ድረስ ይግላል፤ ብርሃኑ ራሱ ከግለቱ ነው የሚመጣው። እንዲህ ላለ ነገር የጅቡቲ 40 ዲግሪ ምኑም አይደለም። ኤልኢዲ ሌላ ፍጥረት ነው። ቀዩ እ.ኤ.አ. በ1962 ቢታይም፣ ነጭ ብርሃን ለማውጣት የሚያስፈልገው ደማቅ ሰማያዊ እስኪገኝ ሠላሳ ዓመት ያህል ጠብቋል። ያንን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያሳኩት ጃፓናውያን፣ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖ እና ሹጂ ናካሙራ፣ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል። ከፋብሪካው ኤልኢዲ የፊት መብራት ይዞ የወጣው የመጀመሪያው መኪና የ2007ቱ ሌክሰስ ነው። ብርሃኑ የሚወጣው ከጥፍር ከምታንስ ቺፕ ነው፤ ቺፗ 150 ዲግሪ ገደማ ስትደርስ ዕድሜዋ ያልቃል። ለዚህ ነው ከጀርባዋ የአሉሚኒየም ክንፍና ትንሽዬ ማራገቢያ የሚገጠምላት። ማራገቢያው አቧራ ከበላና ከቆመ፣ ውስጧ ያለው ዘበኛ ሙቀቱን አይቶ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ካልተቻለም ያጠፋል።

ስለዚህ ልጁ ሙቀቱን ፈተነው። ሞተሩን በዝግ ዙር አስነስቶ፣ መብራቱን አብርቶ፣ የኋላ ክዳኑን ዘግቶ ተወው። እኛ እራት በላን። ሻይ ጠጣን። መብራቱ ከፊት ለፊቱ ያለውን ኮንቴይነር እያበራ እዚያው ነው። ክዳኑን ከፍቶ የአሉሚኒየሙን ጀርባ በጣቱ ጫፍ ነካና ቶሎ አነሳ። ግሏል። ማራገቢያው ግን እንደ ንብ እየጮኸ ይዞራል፤ ብርሃኑም አልቀነሰም።

"ሙቀት ቢሆን" አለ ልጁ ለተሰበሰበው ሰው፣ "የሚጠፋው ቆሞ ነበር። ሲሄድ ነፋስ ያገኛል። ደግሞ ሁለት መብራት፣ አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ ሆነው፣ በአንድ ሰከንድ እኩል ይግላሉ? አንዱ ይቀድማል። ሙቀት ሲያጠፋ ደግሞ እስኪበርድ ይቆያል እንጂ ወዲያው አይመለስም።"

ይህን ሰምቶ ሰዉ ሁሉ ዝም ቢል ጥሩ ነበር። አላለም። ወዲያው ሁለተኛው ፍርድ መጣ፤ እንግዲያው ንዝረት ነው፣ ሶኬቱ ላልቷል፣ ማሳው (ወደ ሻሲው የሚታሰረው ገመድ) ተበላሽቷል። ይኼኛው እንኳ የሚናቅ አይደለም። መብራት ሲሄድ ብቻ ከጠፋ፣ መሄድ የሚጨምረው አንዱ ነገር መንቀጥቀጥ ነው። ሁለቱንም እኩል የሚያጠፋ አንድ የጋራ ቦታ ደግሞ አለ፤ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ የጋራ ገመዱ። በዚያ ላይ የጃፓን መኪኖች ብዙ ጊዜ የፊት መብራቱን የሚያበሩት በፖዘቲቩ ሳይሆን በነጋቲቩ በኩል ነው፤ ይህን የማያውቅ ኤልኢዲ ሲገጠምበት አጭርና ረጅሙ ተደበላልቆ የሚያሳብድ ጊዜ አለ። ልጁ ሪሌውን ነቅሎ በሌላ ቀየረ። የሶኬቱን ሦስት እግሮች በፒንሳ አጠበቀ። ማሳው የታሰረበትን ቡሎን ፈትቶ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ መለሰ። ከዚያ መኪናውን በቡጢ ደበደበው፤ ገመዶቹን ጨብጦ አራገፋቸው። መብራቱ አልተንቀሳቀሰም።

ሹፌሩ በዚህ መሃል የተናገረው ነገር ንዝረቱንም ገደለው። ከዲክሂል ወዲያ ወደ ድንበሩ ወደ ጋላፊ የሚወስደው መንገድ ያኔ ከፊሉ የተቦዳደሰ ነበር፤ መኪና እዚያ ላይ እየተንገጫገጨ በእግረኛ ፍጥነት ነበር የሚሄደው። "እዚያ ላይ አንድም ቀን ጠፍቶብኝ አያውቅም" አለ። "የሚጠፋው ለስላሳው አስፋልት ላይ ነው። ሰው ያስቃል አይደል? መንገዱ ሲያምር ይጠፋል።"

ማንም አልሳቀም። እኔ ግን እስካሁን የማደንቀው ቀጥሎ የመጣውን ነው፤ የመጣው ማንም ካልጠበቀው ሰው ነበርና።

ረዳቱ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ነበር። እንደ ረዳት ወግ፣ ካልተጠየቀ አይናገርም። "ማርሽ ሲቀይር ይመለሳል" አለ።

"አንተ ደግሞ!" አለው ሹፌሩ።

"ይተዉት ጋሼ" አለ ልጁ። "እንዴት ነው የሚመለሰው?"

"ሦስተኛ ላይ ሆኖ ሲረግጠው፣ ሞተሩ ሲጮህ፣ ይጠፋል። አራተኛ ሲያስገባ ሞተሩ ዝቅ ይላል፤ ያኔ ይበራል። ቁልቁለት ላይ በሞተር ፍሬን ስንወርድም ይጠፋል።"

ልጁ መልስ ሳይሰጥ ጋቢና ውስጥ ገባ። ማርሹ ነጻ ነው፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዟል፣ ጎማው አንድ ስንዝር አልተንቀሳቀሰም። ነዳጁን ቀስ እያለ ረገጠ። ሞተሩ ከማጉረምረም ወደ መጮህ ሲሸጋገር፣ ኮንቴይነሩ ላይ የነበረው ብርሃን ድርግም አለ። እግሩን አነሳ፤ ቦግ። ረገጠ፤ ድርግም። ቆሞ ነው የጠፋው። ጠላቱ መንገዱም ፍጥነቱም አልነበረም ማለት ነው፤ የሞተሩ ዙር ነው። ሰፈሩ ተንጫጫ። ሹፌሩ ረዳቱን ዞር ብሎ አየውና "ለምን እስካሁን ዝም አልክ?" አለ። ረዳቱ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ማን ጠየቀው?

ዙር ሲጨምር መኪና ውስጥ ምን ይጨምራል? የዘይት ግፊት፣ ጩኸት፣ እና ዲናሞው የሚያመነጨው ኃይል። ልጁ ቴስተሩን አመጣና ሁለቱን ዘንጎች ባትሪው ላይ አደረገ። አይሱዙ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ታስረውለት በ24 ቮልት የሚሠራ ነው፤ ሞተሩ ሲሠራና ዲናሞው ሲሞላ ደህና የሆነ መኪና ከ27.5 እስከ 28.5 ቮልት ያሳያል። በዝግ ዙር 27.4 አሳየ። "እሺ" አለ ልጁ። ረዳቱ ጋቢና ገብቶ ረገጠ። 28.9። 30.1። 30.9፤ በዚያው ቅጽበት መብራቱ ጠፋ።

በኤልኢዲው ካርቶን ላይ ከ9 እስከ 32 ቮልት ይሠራል ተብሎ ተጽፏል። ታዲያ በ31 አጠገብ ለምን ጠፋ? አንደኛ፣ ካርቶን ላይ የተጻፈ ነገር ካርቶን ላይ የተጻፈ ነገር ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ሳይንስ አለው፤ ዲናሞው የሚያወጣው ኤሌክትሪክ በዳዮዶች ተቃንቶ የሚመጣ በመሆኑ ሞገድ ሞገድ ይላል፤ ቴስተሩ የሚያሳየው የሞገዱን አማካይ ነው፤ ጫፉ ከዚያ ይበልጣል። የኤልኢዲው ውስጣዊ መቆጣጠሪያ ጫፉን ያያል፣ ራሱን ለማዳን በሩን ይዘጋል። ዙሩ ሲወርድ መልሶ ይከፍታል።

ወደ አሮጌው አምፖል መመለስ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። የተንግስተን ክር ዘበኛ የለውም። የመጣለትን ሁሉ ይጠጣል። ቮልቴጁ ሲጨምር ደምቆ ይበራል፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል፤ ዕድሜው ግን ይቀልጣል። የአምፖል ሠራተኞች የታወቀ ስሌት አላቸው፤ ቮልቴጅ አምስት በመቶ ሲጨምር የክሩ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። አሥር በመቶ ሲጨምር ሩብ ገደማ ነው የሚቀረው። ከ28 ወደ 31 የወጣው ቮልቴጅ ከአሥር በመቶ በላይ መሆኑ ነው። ልጁ ይህንን እያሰበ ይመስለኛል፣ ከባትሪው ቀና ብሎ እንዲህ ሲል ጠየቀ።

"ጋሼ፣ ኤልኢዲውን ለምን ገዙት?"

"እንዴ፣ አምፖሉ አልቆይ ብሎኝ ነዋ! ስገዛ ይቃጠላል፣ ስገዛ ይቃጠላል። ባለሱቁን ሁሉ ረግሜ ጨረስኩ። ሙቀቱ ነው አሉኝ።"

"የባትሪ ውሃስ?"

ሹፌሩ አልመለሰም። የመለሰው ረዳቱ ነው። "ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምጨምረው። ይጠጣዋል።"

እንዲህ ነው ነገሩ። መኪናው ለወራት ያህል ሲናገር ኖሯል። አምፖሎቹ በመቃጠል ተናገሩ፤ ባትሪው ውሃውን በመጨረስ ተናገረ፤ ለሁለቱም የተሰጠው መልስ ሙቀት የሚል ነበር፤ ሙቀቱ ውጭ ቆሞ ስለሚታይ ሌላ ጥፋተኛ የፈለገ የለም። ሹፌሩ የአምፖሉን መቃጠል ሸሽቶ ኤልኢዲ ሲገዛ ደግሞ አዲሱ መብራት እንደ አሮጌው ተቃጥሎ አላለፈም። አልቀበልም አለ። የተበላሸ ተብሎ የመጣው ዕቃ ሌላውን ብልሽት ያጋለጠው ብቸኛ ዕቃ ሆነ።

ሙቀት ፈጽሞ ንጹሕ ነው አልልም። የሞቀ ባትሪ ከቀዘቀዘ ባትሪ ያነሰ ቮልቴጅ ነው የሚፈልገው፤ ለ24 ቮልት ባትሪ በየ10 ዲግሪው ግማሽ ቮልት ያህል መቀነስ አለበት። ደብረ ብርሃን ላይ ጤነኛ የሆነ የመሙያ ቮልቴጅ ጅቡቲ ላይ ይበዛል። 31 ግን ደብረ ብርሃንም ላይ ባትሪ ያፈላል።

ቀጥሎ የተነሳው ጥያቄ ቮልቴጁ ለምን እንዲህ ወጣ የሚለው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ ዲናሞውን ያስቀይራል፤ ገንዘብ ላለው ሰው እንኳ ቀላል አይደለም። ልጁ አልቸኮለም። ዲናሞ ራሱ ስንት ቮልት ማውጣት እንዳለበት አያውቅም፤ የሚነግረው ሬጉሌተሩ ነው። ሬጉሌተሩም ባትሪው ስንት እንደደረሰ የሚያውቀው ከባትሪው በምትመጣ አንዲት ቀጭን ገመድ ነው። ያቺ ገመድ የምታመጣው ወሬ ሐሰት ከሆነ፣ ሬጉሌተሩ በቅንነት ይሳሳታል፤ ባትሪው አልሞላም ብሎ ዲናሞውን ጨምር ይለዋል።

ልጁ የቴስተሩን አንድ ዘንግ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ያቺ ገመድ ሬጉሌተሩ ዘንድ በምትደርስበት እግር ላይ አደረገ። ሁለቱም የአንድ ገመድ ሁለት ጫፎች ስለሆኑ በመካከላቸው ልዩነት ሊኖር አይገባም፤ ቢበዛ ከአንድ ቮልት አንድ ወይም ሁለት አሥረኛ። ሞተሩ ተረግጦ እያለ ቴስተሩ 2.6 ቮልት አሳየ። ቀንሱት፤ ከ30.9 ላይ 2.6 ሲነሳ 28.3 ይቀራል። ሬጉሌተሩ የሚያየው 28.3 ነው። ልክ ነው ብሎ ነው የሚሠራው። ዲናሞውም ሬጉሌተሩም ጤነኞች ነበሩ። ችግሩ በዝግ ዙር ያልታየው፣ ዲናሞው ያን ጊዜ የሚያመነጨው ትንሽ በመሆኑና መብራቱ፣ የጋቢናው ማራገቢያና ሌላው ሁሉ ስለሚጠጣው ነው፤ ሊያበዛ ቢፈልግም አቅም የለውም። አቅም የሚያገኘው ዙሩ ሲጨምር ነው።

ገመዷን በእጁ እየዳበሰ ተከተላት። ከዲናሞው ተነስታ፣ በሻሲው ጎን ሄዳ፣ ባትሪው ሳጥን አጠገብ ስትደርስ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልላ ወፍራ ነበር። አንድ ሰው፣ መቼ እንደሆነ አይታወቅም፣ ቆርጦ ቀጥሏታል። ናስትሮው በሙቀቱ ብዛት ሙጫው ቀልጦ እጅ ላይ ይጣበቃል። ሲገልጠው ከውስጡ አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ረገፈ። ልጁ የስልኩን መብራት ወደ እሱ አስጠጋ። የመዳቡ ክሮች ተበልተው አልቀዋል፤ የቀሩት ከጸጉር የማይወፍሩ ጥቂት ክሮች ናቸው፤ እነሱም ጠቁረዋል። ሁሉ ነገር በእነሱ ላይ ነበር የተንጠለጠለው።

የባሕሩ ጨው አለበት መሰለኝ፤ ከዶራሌ ወደብ አጠገብ ቆሞ የሚያድር መኪና መዳቡ ቶሎ ይዝጋል። ልጁ ግን ጣቱን ወደ ባትሪው ሳጥን ቀሰረ። ቅጥያዋ ያለችው የባትሪው ክዳን ከሚተነፍስበት በታች ነው። ባትሪ ከልክ በላይ ሲሞላ ይፈላል፤ ሲፈላ የአሲድ ጤዛ ያወጣል፤ ጤዛው ቅጥያዋ ላይ ያርፋል፤ መዳቡን ይበላል። መዳቡ ሲበላ ወሬው ይበልጥ ይሳሳታል፣ ዲናሞው ይበልጥ ይሞላል፣ ባትሪው ይበልጥ ይፈላል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነበር ምናልባት፣ ሩብ ቮልት፣ ግማሽ ቮልት። ከዚያ ራሱን በራሱ እየመገበ አደገ። ሹፌሩ ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ደስታ ያለበት ሳቅ ግን አልነበረም።

ጥገናው አጭር ነው። ልጁ የተበላችውን ክፍል እስከ ንጹሕ መዳብ ድረስ ቆርጦ ጣለ፣ አዲስ ገመድ በየደ፣ በሙቀት የሚኮማተር ፕላስቲክ አለበሰ፣ ከባትሪው ሳጥን አርቆ በሌላ ጎን አሳለፋት። የባትሪውን ሞርሴቶ አውልቆ በሶዳ ውሃ አጠበ። ሞተሩ ተነሳ፤ ረዳቱ ረገጠ፤ ሞተሩ ጮኸ። ቴስተሩ 28.2 ላይ ቆመ። ረዳቱ ይበልጥ ረገጠ። 28.2። መብራቱም አልጠፋም።

ይህን የሚያነብ ሰው መኪናው አዲስና ኮምፒውተር ያለው ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በእነዚያ ላይ ኤልኢዲ የሚጠፋበት ሌላ ሰበብ አለ፤ ኮምፒውተሩ አምፖሉ መቃጠሉን የሚያውቀው በሚጠጣው ኃይል ልክ ነው፤ ኤልኢዲ ከአሮጌው በጣም ያነሰ ስለሚጠጣ ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል ብሎ ይቆርጠዋል። ያ ሌላ ታሪክ ነው። መለኪያው ግን አንድ ነው፤ አንዱ ብቻ ከጠፋ መብራቱን፣ ሁለቱም እኩል ከጠፉ የጋራቸውን ነገር ፈልጉ። ሞተሩ ጠፍቶ ወይም በዝግ ዙር ብቻ የተለካ መኪና ደግሞ እንዳልተለካ ቁጠሩት።

ነገሩ እዚህ ባለቀ ነበር። ግን ብርሃኑ ኮንቴይነሩ ላይ እንደበራ ነውና ልጁ ቆሞ ያየው ጀመር። ከዚያ አንዱን ኤልኢዲ አውጥቶ ሹፌሩ ለመጠባበቂያ ከያዘው አሮጌ ኤች 4 አንዱን በቦታው ከተተ። አሁን በአንድ መኪና ላይ ሁለቱም ይታያሉ። በአሮጌው በኩል ብርሃኑ ኮንቴይነሩ ላይ ጥርት ያለ መስመር ሠርቷል፤ ከመስመሩ በላይ ጨለማ ነው፣ ወደ ቀኝ ጫፍ ብቻ ለመንገዱ ዳር ከፍ ይላል። በኤልኢዲው በኩል ብርሃኑ ይበልጥ ይነጣል፤ መስመር የሚባል ነገር ግን የለውም፤ ወደ ላይ ተበትኖ የኮንቴይነሩን አናት ያበራል። ምክንያቱ ስውር አይደለም። የመብራቱ አንጸባራቂ ሳህን የተሠራው ክሯ ለምትቀመጥበት አንድ ነጥብ ነው፤ የኤልኢዲ ቺፖች በግራና በቀኝ ጎን ስለሚለጠፉ ያችን ነጥብ አያገኟትም። ጀርመን እንኳ ለእንዲህ ያለ ምትክ መብራት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ የሰጠችው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያም ለተወሰኑ መኪኖች ብቻ።

"ለዚህ ነው ለካ!" አለ ሹፌሩ። "የሚመጣው ሁሉ ረጅም መብራት የሚያበራብኝ! እኔ ደግሞ በመብራቴ ቀንተው ነው ስል።"

"አሮጌውን ልመልስልዎት?"

"ይቃጠልብኛል።"

"አሁን ለምን ይቃጠላል?"

ሹፌሩ ትንሽ አሰበ። ቮልቴጁ ተስተካክሏል፤ አምፖሉ እንደ ወጉ የሚቆይ ከሆነ የኤልኢዲው ጥቅም ኃይል መቆጠብ ብቻ ነው፤ ለናፍጣ ሞተር ጥቂት ዋት ምንም አይደለም። 75 በ70 ዋት ኤች 4 በሁለቱም በኩል ገባ። ልጁ የባትሪዎቹን ክዳን ከፍቶ ውስጣቸውን አየ፤ የአንደኛው ሁለት ክፍሎች ሳህናቸው ከውሃው በላይ ቀርቷል። የተጣራ ውሃ ሞላው፤ ግን ጎኑ አብጧልና ከአዳማ አያልፍም አለ፤ ሹፌሩም አልተከራከረም። ኤልኢዲዎቹን ልጁ ከሥራው ዋጋ ጋር አቻችሎ ወሰዳቸው። በ12 ቮልትም ስለሚሠሩ አንዱን ከአንድ አሮጌ ባትሪ ጋር አስሮ ለሥራ ቦታው መብራት አደረገው። የሌላኛው ማራገቢያ ይጮሃል፤ ለመለዋወጫ አስቀመጠው።